«የቲቸር ቲማቲም ሞተ»

በመጀመሪያው ዓመት የተከልኩት ቲማቲም ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያውም በመስከረም። እዚያ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጥቅምት ከገባ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እኔ ደግሞ የቆላ ልጅ ነኝ። ለአራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ «የትምህርት ቤት ጓሮ» ሲባል በዓይኔ የመጣው ቀይ ቲማቲም ብቻ ነው።

ጋሼ የምንላቸው ጥበቃችን ችግኙን አይተው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ብርድ አይችልም» አሉኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ስንደርስ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተንጠልጥሏል።

ልጆቹ ያዝናሉ ብዬ ነበር። ምንም! አንዱ ለጓደኛው «የቲቸር ቲማቲም ሞተ» ሲለው ሰማሁ። ውርጩ ካደረገብኝ ይልቅ ይቺ ቃል አመመችኝ። እውነቱን ነዋ። 58 ልጆች ነበሩ፣ ዶማው ሦስት። ቆፋሪው እኔ፣ ተካዩም እኔ። የእነሱ ድርሻ ውሃ ማመላለስና «አትርገጡ!» መባል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ያምር ዘንድ ነው ለካ የደከምኩት።

በሁለተኛው ዓመት ቦታውን ቀነስኩት። መደቦቹን አንድ ሜትር ስፋት ሰጠናቸው፤ ልጅ ከግራም ከቀኝም ቆሞ ሳይረግጥ መሃሉን እንዲደርስበት። አንዱ መደብ ለአምስት ወይም ለስድስት ልጅ። ዶማውን ለጠንካራው መሬት ብቻ አደረግነው፤ ለሌላው ሁሉ ከቤት አሮጌ ማንኪያ አምጡ አልኳቸው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ከማንኪያ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም። ውሃ ማጠጫችን ሃይላንድ ነው፤ ክዳኑን በጋለ ምስማር ስምንት ቦታ መብሳት። በጆግ ሲያፈሱ ዘሩ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ይሄድ ነበር።

የሚተከለውን ጋሼን ጠየቅኋቸው። ብርዱን የሚችሉት ሀበሻ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ቀደሙ። ባቄላውን ውርጩ ጋብ እስኪል ጠብቀን በጥር መጨረሻ ዘራን። ጥልቀቱን በጣት ነው የለካነው፣ ሁለት አንጓ። ትልቁ ችግር ማዳበሪያ ነበር። በዚያ አገር እበት ኩበት ይሆናል፣ ማን ለጓሮ ይሰጥሃል? በግ ያላቸው ልጆች በፌስታል ፍግ እያመጡ ተወጣነው። ክፍሉ ሸተተ። አየር ይነፍስበት ብለን መስኮት ስንከፍት ደግሞ ብርዱ!

አንዲት እናት ተቆጥተው መጡ። «ልጄን የላክሁት ቀለም እንዲቆጥር ነው፤ መቆፈሩንማ አባቱም ያውቅበታል» አሉኝ። የልጃቸውን ደብተር ገልጬ በየሳምንቱ የጎመኑን ቁመት የመዘገበበትን ሠንጠረዥ አሳየኋቸው። ገላልጠው አዩት። አሳመንኳቸው አልልም። ሊወጡ ሲሉ ግን ዋናውን ነገር ተናገሩ፦ «ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒፎርሙን በጭቃ ለውሶ ይመጣል። አንድ ነው ያለው። ማታ ባጥበው በዚህ ብርድ መቼ ይደርቃል?» ይህን እኔ አስቤው አላውቅም። የጓሮውን ክፍለ ጊዜ ወደ አርብ አዛወርነው፤ ቅዳሜ ይታጠባል። ከዚያ ወዲህ ቅሬታ አልመጣም።

የእጅ ሥራውም እንዲሁ ባለቤቱን ሲያገኝ ነው የሰመረው። እኔ ስፌት አልችልም። የአንዷ ተማሪ አያት፣ እማማ፣ ስንደዶና አክርማ ይዘው መጡ። ወንዶቹ «የሴት ሥራ ነው» ብለው ኩርፊያ። እማማ ቀና ብለው አይተዋቸው «እንጀራ ስትበሉ ሞሰቡን የሴት ነው ብላችሁ ትተዉታላችሁ?» አሏቸው። ሳቁ፣ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ጣት በወስፌ ተወጋ። ከዚያ በኋላ ወስፌ የሚይዙት በአንድ ጊዜ አራት ልጆች ብቻ ሆኑ፤ ሌላው ስንደዶ ይመርጣል ወይም ከጭቃ በሬ ይሠራል። የጭቃውን ማስተማር አላስፈለገም። እዚያ እነሱ ናቸው አስተማሪዎቹ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ልጅ አረም መስሎት ባቄላ ነቀለ። ልቆጣ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «ቲቸር፣ ብጉንጅ አለበት!» ሥሩን ወደ ዓይኔ አስጠጋው። የቃሪያ ዘር የሚያካክሉ እብጠቶች ተደርድረውበታል። በሽታ ነው ብለው ሸሹ። አንዷን በጥፍርህ ሰንጥቃት አልኩት። ውስጧ ሮዝ ነው።

«ደም አለው!»

ሁሉም ተንጋጋ። እብጠቱ ውስጥ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለባቄላው እንደሚሰጡት፣ ባቄላውም በምላሹ ስኳር እንደሚመግባቸው፣ ሮዝ መሆኑም ሥራ ላይ መሆናቸውን እንደሚያሳይ ነገርኳቸው። አባቶቻችን ባቄላ የነበረበትን መሬት በማግስቱ ዓመት ገብስ የሚዘሩበት ለዚህ ነው ስል አንዱ ከኋላ «አባቴም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ።

በቀጣዩ አርብ ስንወጣ ከየመደቡ አንድ አንድ ባቄላ ተነቅሏል። ማን እንደነቀለው አልጠየቅሁም። የሁሉም ጥፍር ጥቁር ነበር።