በመከራ ጊዜ ጸሎቴን ያቆየሁበት መንገድ

መከራ ሲጠና መጀመሪያ የሚቋረጠው ጸሎት ነው። ሰው እምነቱን ስለ ጣለ አይደለም፤ አፉ የለመደው ምስጋና ከልቡ ጋር አልገጥም ስለሚለው ነው። እኔ ጸሎቴን ያቆየሁት ምስጋናውን ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ፣ እሮሮዬን ለራሱ ለእግዚአብሔር በመንገር ነው።

መነሻዬ መዝሙር 13 ነበር፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች ቆጠራው ስለሚለያይ 12 ላይ ይገኛል። «እስከ መቼ» ብሎ ይጀምራል፣ ልመና ይከተላል፣ በመታመን ያበቃል። እኔም ይህንኑ ቅደም ተከተል ያዝሁ። ጠዋት፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ደብተር። መዝሙሩን ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ከዚያ እሮሮዬን በሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። «ተቸግሬአለሁ» አይበቃም። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ ቀሰቀሰኝ፤ ጠራሁህ፣ ዝም አልኸኝ» ብዬ ነው የምጽፈው። ቀጥሎ ለዛሬ ብቻ የሚሆን አንድ ልመና። የመጨረሻው መስመር የመታመን ቃል ነው፤ ካልመጣ ባዶውን እተወዋለሁ። መዝሙር 88 (ወይም 87) እግዚአብሔርን የመዳኔ አምላክ ብሎ ቢጠራም የሚያልቀው በጨለማ ነው፤ ማንም ግን ከመጽሐፉ አላወጣውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሮሮው ሳይነገር ወደ ውዳሴ ይዘላል፤ ያልተነገረው ውስጥ ውስጡን ይመረዝና ከጸሎት ያርቀዋል። ሌላው ችግር ጽሑፉ ከራስ ጋር ብቻ ወደ ማውራት መለወጡ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ «አንተ» የሚለው ቃል ይጠፋና «እሱ»፣ «እነሱ»፣ «ለምን እኔን» ብቻ ይቀራል። ያኔ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ «አንተ» ብዬ እንደገና እጽፈዋለሁ።

«በየትኛው ኃጢአቴ ይሆን?» የሚለው ፍለጋም ጉልበት ይጨርሳል። የታወቀ በደል ካለ ንስሐ መግባት ተገቢ ነው፤ ያልታወቀውን መቆፈር ግን የኢዮብን ወዳጆች ሥራ በራስ ላይ መሥራት ነው። እነርሱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ተበላሸ። እግዚአብሔር በምዕራፍ 38 መናገር ሲጀምርም መከራው ለምን እንደ መጣ ለኢዮብ አይነግረውም። ስለዚህ አጠገቤ እንዲሆን የምፈልገው የሚያብራራልኝን ሳይሆን መቀመጥ የሚችለውን ሰው ነው። «ምክር አልፈልግም፣ አብረኸኝ ቁጭ በል» ብሎ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ ሰው ካልተነገረው አያውቅም።

ሥጋም ይታሰብ። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ (1 ነገሥት 19) መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ «ብላ» አለው፤ ንግግሩ በኋላ መጣ። እንቅልፍና ምግብ ባጣሁበት ቀን ስለ እምነቴ ውሳኔ አልወስንም። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ብቻውን አይሁን፤ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም።

አዲስ ቃል ያልቅብሃል፣ አይግረምህ። የትናንቱን ገጽ ገልጠህ ያንኑ ጸልይ። ጌታም በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ የተናገረው ያንኑ ቃል ነው።