መቶ በመቶ የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችና ያልመጣው ፋይዳ

በ2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የበርበሬ ፕሮግራም አስተባባሪ ሆኜ ስመደብ፣ የሥራ መዘርዝር ተሰጠኝ እንጂ «እዚህ ላይ ተጠንቀቅ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ በየዞኑ ተመሳሳይ ፕሮግራም እንዲያስተባብሩ የሚመደቡ ወጣቶች ስላሉ፣ ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ አንድ ሙሉ የምርት ወቅት ያተርፍልኝ የነበረውን ነገር መጻፍ ይገባኛል።

ፕሮግራሙ ስድስት ፕሮጀክቶች ነበሩት፦ የዘርና የችግኝ ጣቢያ፣ የማድረቂያ አልጋ፣ መጋዘን፣ የማበጠሪያና የመፍጫ ማሽን፣ ከዋናው መንገድ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባ መንገድ እና የገበያ ትስስር። ስድስቱ ተጣምረው እንዲያስገኙት የታሰበው ፋይዳ ግን አንድ ነበር፤ የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ንጹሕና ደረቅ በርበሬ አቅርቦ የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ። በዚያን ጊዜ ቡሬ ላይ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በግንባታ ላይ ስለነበረ፣ ጥራት ያለው ጥሬ ዕቃ ፈላጊ ይመጣል የሚለው ተስፋ ባዶ አልነበረም።

ስለ አምስቱ ፕሮጀክቶች ብዙ የምለው የለኝም። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ተተከለ። መጋዘኑ እንደ ማንኛውም ግንባታ ዘግይቶ፣ እንደ ማንኛውም ግንባታ አለቀ። መንገዱን ዝናብ አስቆመው፣ በጋ አስጨረሰው። ማሽኑ መጥቶ ተተከለ፤ ከአንድ ገዢ ጋርም የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ለእነዚህ ሁሉ ፕሮፎርማ፣ የክፍያ ሰርተፊኬትና የርክክብ ቃለ ጉባኤ በሥርዓት ከተያዘ ይበቃል።

የተበላሸው የማድረቂያ አልጋው ነው፤ የተበላሸውም ሥራው በሚገባ ከተሠራ በኋላ ነው።

በአካባቢያችን በርበሬ የሚደርቀው መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው። አፈር ይነካዋል፣ የሌሊት ጤዛ ያርሰዋል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን 10 ማይክሮግራም፣ ቢ1 የሚባለው ዓይነት ብቻውን ደግሞ 5 ማይክሮግራም ነው፤ መሬት ላይ ለደረቀ በርበሬ ይህን ማለፍ ከባድ ፈተና ነው። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በወንፊት ሽቦ የተወጠረ የእንጨት አልጋ ለአባላቱ ተሠራ፤ ሥልጠናም ተሰጠ። ገበሬውም እንደተባለው አደረቀ።

ከዚያ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ማለትም ገበሬው በቀጥታ አባል ወደሆነበትና በዩኒየኑ ሥር ወዳለው ማኅበር፣ ሚዛን ሄደ።

ሒሳቡን እዚህ ላይ ላስቀምጠው፤ ያኔ በየስብሰባው ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የሚያየው አልነበረምና። አንድ ኩንታል በርበሬ 20 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ደረቁ አካሉ 80 ኪሎ ነው። ይኸው በርበሬ እርጥበቱ 11 በመቶ እስኪሆን በአልጋ ላይ ቢደርቅ ወደ 90 ኪሎ ይወርዳል። ማኅበሩ የሚገዛው በአንድ ዋጋ ነበር። ስለዚህ በሥልጠናው መሠረት ያደረቀው ገበሬ ከክፍያው አንድ አሥረኛውን ያጣል፤ መሬት ላይ አስጥቶ ለሚዛን ሲቀርብ ውኃ ያርከፈከፈው ደግሞ ይጠቀማል። ፕሮግራሙ በገንዘቡ አልጋ ሠርቶ፣ በሚዛኑ አልጋውን የተጠቀመበትን ሰው ይቀጣ ነበር ማለት ነው።

ከወንበርማ የመጡ አንድ አዛውንት ከሚዛኑ ወርደው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ እኔ ያደረቅሁት ቀለለብኝ፤ ያ ውኃ ያጠጣው ጎረቤቴ በለጠኝ። አልጋውን የሰጣችሁኝ ልትቀጡኝ ነው?»

«አባ፣ ዋጋውን የሚወስነው ቦርዱ ነው» አልኋቸው።

«ቦርዱን የመረጥነው እኛ አይደለን?» ብለው ከረጢታቸውን አጥፈው ሄዱ። በወሩ መጨረሻ በቀበሌው ስዞር ከአልጋዎቹ አንዱ የጥጆች በረት አጥር ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቱን አልፈረድሁበትም።

ጉዳዩን ፍኖተ ሰላም ላይ ለተሰበሰበው ዐቢይ ኮሚቴ አቀረብሁ። ሰብሳቢው ከየመሥሪያ ቤቱ የፊዚካልና የፋይናንሻል አፈጻጸም በመቶኛ ይቀበሉ ነበር። አልጋው «መቶ በመቶ» ተባለና ተጨበጨበለት። እኔ ተነሥቼ ለደረቅና ለእርጥብ በርበሬ የተለያየ የመግዣ ዋጋ ካልተወሰነ መቶ በመቶው ትርጉም የለውም ስል፣ የተመለሰልኝ ጥያቄ «ይህ በየትኛው ፕሮጀክት የተያዘ ነው?» የሚል ነበር። በየትኛውም አልተያዘም። የሚገነባ ነገር የለውም፣ በጀትም አይጠይቅም፤ ውሳኔ ብቻ ነው። «ካልተያዘ ለከርሞ በዕቅድ አካቱት» ተብሎ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታለፈ። በርበሬ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀም ሰብል መሆኑን በዚያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ የደብዳቤ ዙር ተጀመረ። አንዱ መሥሪያ ቤት «ዋጋ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የራሱ ነጻነት ነው፣ ጣልቃ አንገባም» አለ። የዩኒየኑ ቦርድ «ከበላይ ደብዳቤ ሳይደርሰን ዋጋ አንለያይም» አለ። የገበያ ትስስሩን የያዘው ክፍል፣ ሥራው ከገዢ ጋር ማፈራረም እንጂ ከአባል መግዛት አለመሆኑን በማኅተም አረጋገጠልኝ። ገንዘቡን የሰጠው አጋር ድርጅት ደግሞ የሚያሳስበው ሰኔ 30 ሳይደርስ ሒሳቡ መዘጋቱ ነበር። ሁሉም በየራሳቸው ትክክል ነበሩ፤ እጅግ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ቦርዱ ያነሣው አንድ ክርክር ግን መልስ የሚገባው ነበር፦ «አባላት እኩል ናቸው፣ ሁለት ዋጋ እኩልነትን ያፈርሳል።» የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ይዤ ገባሁ። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ የማኅበሩም የመጨረሻ ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እኩልነቱ የድምፅ ነው እንጂ፣ ውኃ የጠጣ ኪሎና የደረቀ ኪሎ እኩል ይከፈላቸው አይልም። ቦርዱ ዝም አለ፤ እኔም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ወደ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ወረድሁ። ሥርዓቱን የተከተለ አካሄድ አልነበረም፤ አሁንም ቢሆን የማደርገው እሱኑ ነው።

ጉባኤው ተጠራ። እኒያ አዛውንት ተነሥተው የተናገሩት የእኔን ሰሌዳ ሙሉ ሒሳብ የሚተካ ነበርና፣ ሁለት ዋጋ እንዲኖር ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። የቀረው መለኪያ ነበር። ግዢ ክፍሉ ባነሰው ፕሮፎርማ የእርጥበት መለኪያ ገዛልን፤ መሣሪያው የተሠራው ለበቆሎና ለስንዴ በመሆኑ የበርበሬን ዛላ አያነብም። ስለዚህ ከገበሬው፣ ከመጋዘን ያዡና ከገዢው ተወካይ የተውጣጣ የሦስት ሰው ቡድን አቆምን። ዛላውን ከጆሮ አስጠግቶ ማነቅነቅ ነው፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ውኃ የነካው እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። በዚህ ምዘና የተጣላ ሰው አልገጠመኝም፤ ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነዋ! በሚቀጥለው ወቅት የዚያ ማኅበር አባላት አልጋ ይጨመርልን ብለው ማመልከቻ ጻፉ። በዚህ እኮራለሁ፤ ከመጋዘኑ ይልቅ።

መመሪያው ፕሮጀክት በርክክብ ይዘጋል ይላል። እኔ ግን ዕቃው ከተረከበ በኋላ ቢያንስ አንድ የሽያጭ ወቅት ሳያልፍ የመዝጊያ ፊርማ አታኑሩ እላለሁ፤ ሒሳቡ ሰኔ 30 መዘጋት ካለበት ይዘጋ፣ ገበሬው ያገኘው ጥቅም የሚመዘገብበት የፋይዳው መዝገብ ግን ክፍት ይቆይ። መመሪያው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ፎካል ፐርሰን ይመደብ ይላል፤ ይመደብ፣ ነገር ግን ስድስት ፎካል ፐርሰን ያለው ፕሮግራም በፕሮጀክቶቹ መካከል የወደቀውን የሚያነሣ ሰው የለውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የፕሮግራም አመራር ዘዴ ከፕሮግራም አስተባባሪው ሌላ፣ ለውጡን በዕለት ሥራው ውስጥ የሚያስገባ ኃላፊ ከተጠቃሚው ክፍል እንዲመደብ የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ የሰለጠንነው ግን ጊዜን፣ ወጪንና ጥራትን ብቻ ነበር። በሦስቱም መመዘኛዎች የማድረቂያ አልጋው አልፏል፤ የጥጆቹ በረትም በጥሩ እንጨት የታጠረ ነው።

ይህን ኃላፊ፣ የፋይዳ ኃላፊውን፣ ስትመርጡ ከዕቅድ ክፍል አትምረጡ። ዋጋ የሚቆርጠውን፣ ሚዛኑን የሚይዘውን ሰው ምረጡ። በመጀመሪያው ሳምንትም ፕሮጀክቶቹን ከሚያሳየው ሰንጠረዥ ጎን ሌላ ወረቀት ያዙና ከእያንዳንዱ ዕቃ እስከ ገበሬው ኪስ ድረስ ማን ምን መወሰን እንዳለበት፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉ። በጀት የሌለው መስመር ስታገኙ እዚያ ላይ ቁሙ፤ በጀት ያለውንማ ኦዲተሩ ይጠብቀዋል።

ስለ ኦዲተር ካነሣሁ፣ ለዚያ ለማያገለግለው የእርጥበት መለኪያ የተከፈለው ገንዘብ ምንም ጥያቄ አልተነሣበትም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ነበረዋ። ለሦስቱ መዛኞች የከፈልሁት የውሎ አበል ግን «በዕቅድ ያልተያዘ ወጪ» ተብሎ የኦዲት ግኝት ሆነብኝ። ፕሮግራሙን ሳስረክብ የፋይዳውን መዝገብ የሰጠሁት ለዩኒየኑ የግዢና ሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ዕቅድ ክፍሉ ለምን ለእኛ አልተሰጠም ብሎ በደብዳቤ ጠይቆኛል፣ እኔም ዋጋ የምትቆርጡ እናንተ ስላልሆናችሁ ብዬ በደብዳቤ መልሻለሁ።