ሁለተኛው ቁስል

የልብን አሠራር በሥዕል ሳስተምር ተማሪዎቼ ስሞቹን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ቀኝና ግራው ይምታታባቸዋል። ይህ ያንገበግበኝ ስለነበር ትምህርቱን በአስከሬን ምርመራ መልክ አዘጋጀሁት። ስድስት የበሬ ልቦች ገዝቼ፣ ማንም ሳያይ እያንዳንዱን በቢላዋ አንድ ጊዜ ወጋሁ። ስለቱ በየት ገባ? ምን ምን አልፎ የት ቆመ? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ቤተ ሙከራው እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ተማሪዎቹ የልቡን ግድግዳ በጣታቸው እየጨበጡ ወፍራሙ ግራ፣ ስሱ ቀኝ መሆኑን ለዩ፤ ግራው ደም ወደ መላው አካል ይገፋል፣ ቀኙ ግን አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ብቻ ይልካልና። አንዱ ቡድን በቁስሉ ቀጭን ዘንግ ሲያስገባ ጫፉ መካከለኛውን ግድግዳ አልፎ በግራ በኩል ብቅ አለ። ያን ጊዜ ያሰሙት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስድስተኛው ቡድን «ሁለት ቁስል አለ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ከላይ እስከ ጫፍ የወረደ ረጅም ቁርጥ ነበር። «ይህ ስትከፍቱት እጃችሁ ስቶ የቆረጣችሁት ነው» ብዬ ነጥብ ቀነስኩ። ጸሐፊያቸው «መምህር፣ ሳንነካው በፊትም ነበረ» አለችኝ። አልሰማኋትም።

በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። ምላጭ ከመነሳቱ በፊት የሣለችው ነው፤ ቁርጡ በማስመሪያ ተለክቶ 14 ሴንቲ ሜትር ተብሏል፣ ሰዓቱም ጥግ ላይ ሰፍሯል። ልቡን የሸጡልኝን ሰዎች ብጠይቅ የሥጋ መርማሪው ቁርጥ ነው አሉኝ። የኮሶ ትል እጭ በልብ ጡንቻ ውስጥ ስለሚደበቅ መርማሪዎች ልቡን ሰንጥቀው ያያሉ። ጠርዞቹ ገጥመው ስለተኙ እኔ ሳላየው አልፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ነገር አለ። በሕይወት ሳለ የተወጋ ሰው ቁስሉ ዙሪያ ደም ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ የአስከሬን መርማሪው ከሞት በፊት የደረሰውን ከሞት በኋላ ከደረሰው የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው። በእኛ ልብ ላይ ግን የእኔም፣ የሥጋ መርማሪውም፣ የተማሪዎቹም ቁርጥ ከሞት በኋላ የመጣ ነው። ሥጋው የማንንም ምስክርነት አይሰጥም። የነበረው ብቸኛ ማስረጃ የዚያች ልጅ ሥዕል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳላየው ፈረድኩ።

ነጥባቸውን በክፍሉ ፊት መልሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አሁን በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ምላጭ የሚባል ነገር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ማየት፣ መለካት፣ መሣል ብቻ ነው። መርማሪ የሰነጠቀው ልብም ሆን ብዬ እጨምርበታለሁ። እኔም ቢላዋዬን ከማንሳቴ በፊት እያንዳንዱን ልብ አገላብጬ በዚያው ቅጽ እሥላለሁ፣ ሰዓቱንም እጽፋለሁ፤ ወረቀቴን ሥራው ሲያልቅ ከእነርሱ ወረቀት ጎን እሰቅለዋለሁ።