ቡቺ አጎንብሶ የቆየበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት ውሻዬ ቡቺ ግቢው ጥግ ላይ አጎንብሶ አማጠ፤ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደገና አጎነበሰ። በሦስተኛው ሙከራ የወጣው ጠጠር የመሰለ፣ ደረቅ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የማያክል ነገር ነበር። ከዚያ ዘወር ብሎ በወቀሳ ዓይን አየኝ። እውነቱን ነው፤ ከትናንት ወዲያ ያን ሁሉ አጥንት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ለእንስሳት ሐኪሙ ስደውል አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ዓይነ ምድሩ አልነበረም። «ሽንቱን በደንብ ይሸናል?» አሉኝ። ለካ የሽንት ቧንቧው የተዘጋ ውሻም ልክ እንደዚሁ አጎንብሶ ያምጣል፤ ያ ደግሞ እስከ ነገ የማይቆይ አደጋ ነው። ቡቺ አጥሩን ሲያጠጣ ነው ያደረው፤ ተመስገን።

የቀረው ቀላል ነበር፦ ብዙ ውሃ፣ ረዘም ያለ የእግር ጉዞ፣ ምግቡ ላይ ጨውም ቅመምም ያልገባበት የተቀቀለ ዱባ አንድ ሁለት ማንኪያ። ለሰው የተሠራ የሆድ ማለስለሻ ግን እንዳልሰጠው አስጠነቀቁኝ። (እጄ መሳቢያው ላይ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።) ዓይነ ምድር ሳይወጣው 48 ሰዓት ካለፈው፣ ካስመለሰው ወይም ደም ካየሁ ይዤው እንድመጣ ነገሩኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር የሚበላውን እንጂ የሚያወጣውን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። አመሻሹ ላይ ባትሪ ይዤ ከኋላው ስከተል ጎረቤቴ በአጥር ላይ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። በዚያው ቅጽበት ቡቺ ተገላገለ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።