ከምንጣፉ ሥር

ዛሬ በአሮጌው የጭነት መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ተንበርክኬ ዋልኩ። የወለሉ ጎማ ምንጣፍ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ሥር፣ ተረከዜ በሚያርፍበት በኩል፣ ተበልቶ ቀዳዳው የእጅ መዳፍ አክሏል። «ነገ እለውጠዋለሁ» እያልኩ ወራት አልፈዋል።

መጀመሪያ ወንበሩ መውጣት ነበረበት። በአየር ግፊት የሚሠራ ወንበር ስለሆነ አየሩን አስተንፍሼ ቱቦውን ነቀልኩ። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ በሰላም ወጡ። አራተኛው ዝጎ ተጣብቋል፤ ዘይት አጠጥቼው፣ ለምኜው፣ ሰድቤው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጁን ሰጠ።

ምንጣፉን ስገልጠው የወጣው ሽታ አይነገርም! ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ላሽቋል፤ ጫፉን ስጨምቀው ቡናማ ውሃ በጣቶቼ መካከል ወረደ። ከየት እንደገባ ስፈልግ የበሩ ጎማ ታችኛው ጥግ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ምንጣፉን ብቻ ለውጬ ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ዝናብ በኋላ እዚያው ነበርኩ። ላሜራው በዝገት ቢቆስልም አልተበሳም፤ በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ፀረ ዝገት ቀባሁት።

ቀለሙ እስኪደርቅ አዲሱን የጎማ ምንጣፍ ፀሐይ ላይ አለሰለስኩና አሮጌውን ከላዩ አንጥፌ በልኩ ቆረጥኩት። የማርሹ ዘንግ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ግን ከልኩ በላይ አስፍቼዋለሁ፤ አሁንም ያናድደኛል። ነዳጅ መስጫው ከጠርዙ ጋር እንዳይያዝ ደጋግሜ ረግጬ ፈተሽኩ።

ማታ ሞተሩን ሳስነሳ በአዲሱ ስፖንጅ ምክንያት ጩኸቱ ቀንሷል። ከወንበሩ ሥር የጠፋብኝን የመሣሪያ ሳጥን ቁልፍም አግኝቻለሁ። ሳጥኑን ግን አምና ሰብሬ ከፍቼዋለሁ።