የናሽናልስን ሙሉ ሲዝን በታክሲ ሬዲዮ እንዴት ተከታተልኩ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ሰው ከቤዝቦል ማምለጫ የለውም። ጨዋታ ያለ ማታ ሳውዝ ካፒቶል ይጨናነቃል። ኔቪ ያርድ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይጎርፋል። ተሳፋሪው በሩን ሳይዘጋ «ስንት ለስንት ናቸው?» ይላል። እኔ ለዓመታት «አላውቅም ጌታዬ» እያልኩ ነው የኖርኩት። በ2019 ግን የከተማውን የቤዝቦል ቡድን፣ የናሽናልስን ሲዝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልከታተል ወሰንኩ። ትልቅ ምክንያት አልነበረኝም። እኔ የምሠራበት ሰዓትና እነሱ የሚጫወቱበት ሰዓት ይገጥማል። ማታ ማታ እየነዳሁ የምሰማው የአገር ቤት ፖለቲካ ደግሞ ደም ግፊት ሊያስይዘኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ለጀማሪ የሚመከር ዓመት አልነበረም። የቡድኑ ኮከብ ብራይስ ሃርፐር በ13 ዓመት ውል፣ በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። ኤፕሪል 2 ተቃራኒ ሆኖ ሲመለስ ስታዲየሙ በጩኸት አወረደበት። እሱም ሆም ራን መትቶ፣ ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ፣ መልሱን ሰጠ፤ ፊላደልፊያ 8 ለ 2 አሸነፈ። በዚያው ጨዋታ የናሽናልስ ፈጣኑ ልጅ ትሬ ተርነር ጣቱን ተሰበረ። «ጥሩ ቀን መርጫለሁ» አልኩ ለራሴ።

በቴሌቪዥን ሳይሆን በሬዲዮ መጀመሬ በጣም ጠቅሞኛል። በቴሌቪዥን ቤዝቦል የሚተፋ፣ ኮፍያውን የሚያስተካክልና የሚቆም ሰው ነው። በሬዲዮ ግን እያንዳንዷ ውርወራ ትነገራለች። 106.7 ላይ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ። የት ነው የቆመው፣ ነፋሱ ወዴት ነው፣ ያለፈው ጊዜ ይኼው ሰው ምን ተወረወረለት፣ ሁሉንም ይነግሩሃል። ናሽናልስ ሲያሸንፉ ስሎውስ ኮፍያው ላይ ያለችውን ጠምዛዛ ደብልዩ እያነሳ «መዝገብ ገባች» ይላል። መጀመሪያ አካባቢ ይህችን አባባል የምሰማት ከስንት አንዴ ነበር።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልተጨነቅኩም። ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር አለ። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድን ሦስት ሦስት አውት ይሰጠዋል፤ ሦስት ሰው እስኪወጣበት ይመታል ማለት ነው። ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም ቆሞ ያሳለፈው ጥሩ ውርወራ) ከሆነ መቺው ይወጣል፣ አራት ቦል (ከክልሉ የወጣ ውርወራ) ከሆነ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ወር ይህ ይበቃል። የቀረውን ጥቃቅን ሕግ ሲያጋጥም ማወቅ ይቻላል፤ አንዳንዱን እዚሁ ተወልደው ያደጉትም አያውቁትም።

ከሕጉ ይልቅ ያስቸገረኝ የራሴ ጭንቅላት ነው። እኔ የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኜ ነው ያደግኩት። በቡና መሸነፍ ማለት ሳምንቱን ሙሉ ሰፈር አለመውጣት ነው። ቤዝቦል ውስጥ በዚህ ስሜት ከገባችሁ በኤፕሪል ታብዳላችሁ። በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ አለ፤ ማለትም በየቀኑ ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ከብሔራዊ ሊግ አንደኛ የነበረው ዶጀርስ 106 ጊዜ አሸንፎ 56 ጊዜ ተሸንፏል። አንደኛው ቡድን 56 ጊዜ ራሱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ገብቷል! ነገሩን እንደ ዕቁብ ማየት ስጀምር ቀለለኝ። በየቀኑ ትንሽ ትጥላለህ፤ ዛሬ ለምን አልደረሰኝም ብለህ አትጣላም።

እንዲያም ሆኖ ሜይ ከባድ ነበር። ኒውዮርክ ላይ ሜትስ አራቱንም ጨዋታ ወሰደባቸው። ሜይ 23 ማታ ናሽናልስ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ወሬ ከተማውን ሞላው። የአየር ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ላይ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፤ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ኖረው አንድም ጨዋታ አይተው አያውቁም። የመኪናዬን መስኮት ያንኳኳሉ።

«አንተ፣ ዛሬም ተሸነፉ?»

«ተሸነፉ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል? ሙዚቃ አትከፍትም?»

ያኔ ነው አሰማሜን የቀየርኩት። ውጤቱን ትቼ እንዴት እንደሚሸነፉ መከታተል ጀመርኩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን የሚባሉ ሦስት አንደኛ ደረጃ ፒቸሮች (ወርዋሪዎች) ነበሯቸው። እነዚህ ሰዎች ስድስት ሰባት ኢኒንግ ይዘው ይቆዩና ሲደክሙ ከቡልፔን፣ ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከሚጠብቁበት ቦታ፣ ሌላ ሰው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ቤቱ በር ተከፍቶ የማደር ያህል ነው። የዚያ ዓመት የናሽናልስ ቡልፔን በብሔራዊ ሊግ የመጨረሻው ነበር። በዚያ ላይ ተርነር ለብዙ ሳምንት የለም፤ አንቶኒ ሬንዶንና ሁዋን ሶቶም በጉዳት ወጣ ገባ ብለዋል። ስለዚህ 19 ለ 31 የሚለው ቁጥር የሚያወራው ስለ ደካማ ቡድን አልነበረም፤ አንድ ቦታ ስለሚያፈስ ቡድን ነው። ዋንጫ ይወስዳሉ ብያለሁ ግን አልልም። እንደዚያ ብሎ የነበረ ሰው ካጋጠማችሁ ይዋሻል።

ሌላው የረዳኝ ወረቀትና እርሳስ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ጨዋታውን መጻፍ ጀመርኩ። ያስተማረኝ መኪናዬን የማሳጥብበት ቦታ የሚሠራ የዶሚኒካን ሰው ነው። ሁዋን ሶቶ የሳንቶ ዶሚንጎ ልጅ ስለሆነ በእሱ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። እያንዳንዱ ተከላካይ ቁጥር አለው። ፒቸሩ 1 ነው፣ ከመቺው ጀርባ የሚቀመጠው 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6። ሜዳው ጥግ ያሉት ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። «6-4-3» ብለህ ከጻፍክ ተርነር ኳሷን አንስቶ ለሁለተኛ ቤዝ ሰጠ፣ እሱ ደግሞ ለአንደኛ ወረወረ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወጣ ማለት ነው። ሰው በስትራይክ ሲወጣ ኬ የምትባለውን የላቲን ፊደል ትጽፋለህ። ሳይወዛወዝ ቆሞ እያየ ከወጣ ፊደሏን ገልብጠህ ነው የምትጽፋት። ይህቺን ግልብጥ ፊደል ወድጃታለሁ፤ ፈዞ የቀረ ሰው ለብቻው ይመዘገባል።

መጻፍ ምን ጠቀመኝ? ጆሮዬ ላይ ያልፍ የነበረው ነገር እጄ ላይ ቀረ። ማን ሁልጊዜ በነጻ ቤዝ እንደሚያገኝ፣ ማን ሁለት አውት ላይ እንደሚረጋጋ ሳላስበው ማወቅ ጀመርኩ። ተሳፋሪ ሲጠይቀኝም ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ቲፕ ላይ ለውጥ አምጥቷል? ትንሽ፣ አዎ።

ከሜይ 24 ጀምሮ ነገሩ ዞረ። በቀሩት ጨዋታዎች 74 አሸንፈው 38 ብቻ ተሸነፉ። በጁን ሸርዘር ልምምድ ላይ ኳስ አፍንጫውን ሰበረው። በማግስቱ ዓይኑ ጠቁሮ አብጦ ወጣና ፊላደልፊያን ሰባት ኢኒንግ አንድም ሳያስገባ ዘጋቸው። ሄራርዶ ፓራ የሚባል ሌላ ቡድን ያሰናበተው ተጫዋች መጣ። ልጁ የምትወደውን የሕፃናት የሻርክ ዘፈን መግቢያው አደረገው፤ ጺማቸው የሸበተ ሰዎች ሳይቀሩ ስታዲየም ውስጥ እንደ ሻርክ አፍ እጃቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ታያለህ።

ሴፕቴምበር 3 ደግሞ ሜትስ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ 10 ለ 4 እየመሩ ነበር። ብዙ ሰው ስታዲየሙን ጥሎ ወጥቷል። ናሽናልስ በመጨረሻው ዕድላቸው ሰባት አስገቡ፤ ከርት ሱዙኪ በሆም ራን 11 ለ 10 ጨረሰው። በቤዝቦል ጨዋታውን የሚያበቃ ሰዓት የለም፤ የመጨረሻው አውት እስኪወሰድ ድረስ ማንም ፊሽካ አይነፋብህም። ከዚያች ማታ ወዲህ ሬዲዮኑን ቀድሜ አልዘጋም።

ሲዝኑን በ93 ድልና በ69 ሽንፈት ጨረሱ። ምድባቸውን የወሰደው አትላንታ ስለሆነ ወደ ኦክቶበር የገቡት በአንድ የሞት ሽረት ጨዋታ ነው፤ ኦክቶበር 1፣ ሚልዋኪን እዚሁ ዲሲ ላይ። የዚያን ማታ ስምንተኛ ኢኒንግ የጻፍኩበት ወረቀት አሁንም መኪናዬ ውስጥ አለ። ሚልዋኪ 3 ለ 1 ይመራል። የሚወረውረው ጆሽ ሄደር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሚፈሩት ሁሉ የሚፈራው ግራኝ። ሮብሌስ በስትራይክ ወጣ። ቴይለር ኳስ መታውና ቤዝ አገኘ። ተርነር በስትራይክ ወጣ። ሁለት አውት። ከ2005 ጀምሮ ከቡድኑ ያልተለየው ራያን ዚመርማን ተቀይሮ ገባ። ዱላው ተሰበረ፣ ኳሷ ግን ሜዳ ላይ ወደቀች። ሬንዶን በአራት ቦል ተራመደ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ቀጥሎ 21 ዓመት ያልሞላው ሶቶ መጣ።

አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሰው አሳፍሬ ነበር። ሶቶ ኳሷን ወደ ቀኝ መታት። ሁለት ሰው ገብቶ እኩል ይሆናሉ ስንል የሚልዋኪው ቀኝ ተከላካይ ኳሷ አመለጠችው፤ ሦስተኛውም ገባ። 4 ለ 3። ተሳፋሪዬ የፊት ወንበሩን በጥፊ መታው። «አቁም፣ አቁም፣ እንስማ!» አለኝ። መንገድ ዳር ቆመን ዘጠነኛውን ጨረስን። ሜትሩን ዘግቼው ነበር፤ እሱ ግን እንደሚቆጥር አድርጎ ከፈለኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ማታ ሸርዘር ጀምሮ ሲወጣ የተካው ራሱም ሌላ ቀን ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ የሆነው ስትራስበርግ ነው። ማርቲኔዝ በኦክቶበር የሚያፈሰውን ጣሪያ ከመጠገን ይልቅ ዝናቡ ወደማይደርስበት ክፍል ገባ። ደካማ ተቀያሪዎቹን በተቻለው መጠን ትቶ ሦስቱን ታላላቆችና ሁለት የሚታመኑ ሰዎችን፣ ዳንኤል ሃድሰንንና ሾን ዱሊትልን፣ እያፈራረቀ ተጠቀመ። ሜይ ላይ ለምን እንደሚሸነፉ ባልከታተል ኖሮ ኦክቶበር ላይ ለምን እንዳሸነፉ አይገባኝም ነበር።

ዶጀርስን በአምስተኛው ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ጣሉ። ሬንዶንና ሶቶ ከክሌይተን ከርሾ ላይ ተከታትለው ሆም ራን መቱ፤ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ በአሥረኛው ኢኒንግ ቤዙ ሞልቶ እያለ ጨረሰው። ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ጠረጉ። የመጨረሻው ከሂዩስተን ጋር ነበር፤ 107 ያሸነፈ ቡድን። ዲሲ ከ1933 በኋላ ያየችው የመጀመሪያው ዎርልድ ሲሪስ፣ የዋንጫው የመጨረሻ ተከታታይ ጨዋታ ነው። የሚገርመው ናሽናልስ ሂዩስተን ሄደው ሁለቱን ወሰዱና እዚህ ሲመጡ በየጨዋታው አንድ ነጥብ ብቻ እያስገቡ ሦስቱንም ተሸነፉ፤ 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። ለታክሲ ጥሩ ሦስት ማታ ነበር፣ ለጆሮ ግን አይጣል ነው።

ሰባተኛውን ጨዋታ አልሠራሁም። ኦክቶበር 30፣ ጥቅምት 19፣ ገብርኤል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሐበሻ ቤት ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ሌላው ጠረጴዛ ኳስ ካልሆነ ምን ያደርግልናል እያለ ያጉረመርማል። ሂዩስተን 2 ለ 0 ይመራል፤ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ሁሉ ነገር የተዘጋ ይመስላል። ሬንዶን አንድ መታ። ሶቶ ተራመደ። ከዚያ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ ጥግ መታት፤ ኳሷ የመስመሩ ማብቂያ ላይ ያለውን ረጅም ብረት ጠረቀችው።

«ወጣች አይደል?» አሉ ጋሼ።

«ብረቱን ከነካች ሆም ራን ናት ጋሼ።»

«እንዴት ብሎ?»

«እንዲህ ብሎ።»

«እሱማ ገብርኤል ነው» አሉና ሽሮውን ገፋ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ ዘጋ፣ ሃድሰን የመጨረሻውን ሰው በስትራይክ አስወጣ፤ 6 ለ 2። ሰባቱንም ጨዋታ እንግዳው ቡድን ነው ያሸነፈው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዲሲ ከ1924 በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያዋ የዎርልድ ሲሪስ ዋንጫ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያስደስትም። ሬንዶን ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፣ በኮቪድ ዓመት 60 ጨዋታ ብቻ ተጫውተው 26 አሸነፉ፣ በ2022 ሶቶን ለሳንዲያጎ ሰጡት። የመኪና አጠባው ወዳጄ ለዚህ እስካሁን ይቅር አላላቸውም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ኦክቶበርን አትጠብቁ። በሜይ፣ ማክሰኞ ማታ ላይኛው ፎቅ ርካሽ ወንበር ያዙ። እርሳስ አትርሱ። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ትልልቅ የፕሬዚዳንት ጭንቅላት ያጠለቁ ሰዎች ይሮጣሉ፤ ልጆች ካሏችሁ ያኔ ሽንት ቤት አትውሰዷቸው። መኪና ይዞ መሄድ ግን አልመክርም፤ ፓርኪንጉ ከትኬቱ ሊበልጥባችሁ ይችላል። በባቡር ሂዱ፣ ስትመለሱ ታክሲ ያዙ።