ሽበቴና ሂናው

ያለፈውን ቅዳሜ ራሴን በፌስታል ጠቅልዬ ነው የዋልኩት። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ ግንባሬ ላይ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ። ልጄ አየችኝና "እማ፣ ጭቃ ነው እንዴ?" አለች።

ሽበቴ ብቅ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው። እስካሁን ከሱቅ የሚገዛውን ጥቁር ቀለም በየወሩ ስቀባ ከርሜ፣ በመጨረሻ ጆሮዬ ጀርባ ያሳክከኝና ይቆስል ጀመር። ቀለሙ ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚሉት ንጥረ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። እኔም ተውኩት።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እዚያ ሂና ብርቅ አይደለም፤ ሙሽራ እጅና እግሯን ትዋብበታለች፣ ሽማግሌዎችም ጢማቸውን ያቀሉበታል። ደገኛዋ እናቴ ግን የምታውቀው እንሶስላን ነው። አንድ የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። እንሶስላ ሥሩ ነው ጥፍር የሚያቀላው፣ ሂና ደግሞ ደርቆ የተፈጨ ቅጠል ነው።

ጓደኛዬ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ግማሽ ኪሎ ሂና አመጣችልኝ። የመጀመሪያውን ቀን በውሃ በጥብጬ ወዲያው ተቀባሁት፣ በግማሽ ሰዓት ታጠብኩት። ምንም የለም! ድሬ ላሉት የድሮ ጎረቤታችን ደወልኩላቸው። ሳቁብኝ። "ወይ ልጄ፣ ሊጥ ሳይቦካ ይጋገራል እንዴ?"

በሁለተኛው ሙከራ 100 ግራም የሚሆነውን ለብ ባለ ሻይና በአንድ ሎሚ ጭማቂ እርጎ እስኪመስል አሸሁት፣ ከድኜም አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ላዩ ቡናማ ሆኗል፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው የረጠበ ድርቆሽ። ግንባሬንና ጆሮዬን ቫዝሊን ቀባሁ። ጓንት ግን ረሳሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጥፍሮቼ ብርቱካን መስለዋል።

አራት ሰዓት ቆይቼ ታጠብኩት። መስታወት ሳይ ክው አልኩ። ሽበቴ ካሮት ሆኗል! በዚህ ራስ ሰኞ ሥራ ልገባ ነው ብዬ ስብሰለሰል አደርኩ፤ ደግነቱ ሂና አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና በሁለተኛው ቀን ወደ ደማቅ ቡናማ ቀይ ዞረ። ጥቁሩ ፀጉሬ ግን ያው ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ትንሽ ቀላ ይላል። ሂና ፀጉር አያነጣማ። ስለዚህ ሽበቴን አልደበቀልኝም፣ እያንዳንዷን ቀይ ክር አድርጎ አወጣት እንጂ። የሚገርመው፣ ወድጄዋለሁ።

ጥቁር ካማረሽ ከሂናው በኋላ ኢንዲጎ የሚባለውን ሰማያዊ የቅጠል ቀለም ጨምሪበት ብለውኛል። ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ እስካሁን አልከፈትኩትም። ገበያ ላይ "ጥቁር ሂና" እያሉ የሚሸጡትን ግን አልነካም፤ ሂና ብቻውን ጥቁር አይሰጥም፣ ያ የሸሸሁት ፒፒዲ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል።

የተረፈውን በዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩት፣ ለሚቀጥለው ወር ይሆነኛል። ትናንት ማታ ባለቤቴ ጎመን መስሎት ሊያሞቀው ምድጃ ላይ ጥዶ ደረስኩበት።